የሰፊው ደረሰኝ

ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ፣ አንቲጓ እንደተኛች፣
አክስቴ ኬዚያ ጀልባዬ ላይ ወጣች።
ባርኔጣ በራሷ፣ ብስኩት በጣሳዋ፣
ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ በጫንቃዋ።
«ዋና ትችያለሽ?» ብዬ ብጠይቃት፣
«ስንሰምጥ ይታያል» አለች፣ ሳቅ ሳይነካት።

ጀልባዬ ስም አላት፣ ቀለሙ የለቀቀ፤
«ነገ» ይላል ብቻ፣ ሌላው የተፋቀ።
«ውሰደኝ» ባለችኝ ቁጥር ባለፉት ዓመታት
የጀልባዬን ስም ነው የምመልስላት።

ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ማዕበሉ ከጎን፣
አምስት ሰዓት ሙሉ ሲያንገዋልለን፣
የሬዶንዳ ዐለት በቀኝ እያለፈ፣
ወፉ አናታችን ላይ ዞረ፣ ከነፈ።

ሰፊ ነው ባሕሩ፤ ነጭ ክር አስገብቶ
ሲጠቅም፣ ሲተረትር፣ ጫፍና ዳር አጥቶ፣
መቼም የማይጨርስ፣ የማንን ቀሚስ ነው?
አክስቴ ታየዋለች፣ ዓይኗን ሳታነሣው።

ከተራራው በፊት ሽታው ነው የመጣ፤
ድኝ፣ እንደ ክብሪት። ከዚያም ከጉም ወጣ
ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ የገረጣ፤
ጢሱ ይትጎለጎላል፣ ድስት እንደጣደ ቤት፤
ማንም ላይበላው፣ የማንን ይሆን ራት?

ፕሊመዝ ነበረች፣ ወደብና ገበያ፣
ፍርድ ቤት፣ ቡና ቤት፣ የዳቦ መጋገሪያ፤
አሁን ጣሪያ ብቻ፣ ከአመዱ አንገቱን
ሽቅብ የሰገገ፣ ፈልጎ ትንፋሹን።
እኔን ያኔ እናቴ ይዛኝ በሆዷ ነበር፤
አገሬን በወሬ ነው የማውቃት፣ በብድር።

መቅረብ ክልክል ነው፤ ከሩቅ ነው ማየት፤
ሞተሩን አጠፋሁ።
ዝም አለች ደሴት።

አክስቴ በጣቷ አየሩን ቆጠረች፣
«ከቤተ ክርስቲያኑ ሦስተኛው በር» እያለች።
ቤቷን መስሎኝ ነበር። ቤቷንስ ትታለች፤
የታይተስ ሜድን ሱቅ፣ የልብስ ሰፊውን፣
እሱን ነው ፍለጋ ያንከራተተችን።

ቢጫ ወረቀት ናት፣ አራት ጊዜ የታጠፈች፣
ከቦርሳዋ ማኅፀን ቀስ ብላ ያወጣች፦
«አንድ ሰማያዊ ቀሚስ፣ እጅጌው ጉርድ፤
ግማሹ ተከፍሏል፤ ቀሪው ሲወሰድ።
ዓርብ ይደርሳል።»

ዓርብ ሳይደርስ ግን ተራራው ደረሰ፤
ቀኑን እኩለ ሌት አመድ አለበሰ።

«ለማን ልትለብሺው?» ስላት፣ ነፋስ ጆሮዋን ይዞታል።
ነፋስ ግን አልነበረም።

«አክስቴ፣ ሱቁም የለም፣ ቀሚሱም የለም» ብላት፣
«ዕዳውስ?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት።
«ሠርቶ የጨረሰን ሰው እንዴት ብዬ ልተወው?
በቁሙ ሳይበቃ፣ አመድ አፋሽ ላርገው?»

ሰሜን፣ ሊትል ቤይ ላይ፣ አመሻሽ ላይ ቆምን፤
የፍየል ወጥ ሽታ በባዶ ሆድ ሳበን።
ባለ ቡና ቤቷ፣ መነጽር ያረገች፣
ሳህን እያጠበች «የማን ናችሁ?» አለች።
ኦሬሊያ ሜድ ናት። አባቷ አለፈ
እንግሊዝ አገር፣ በብርድ፤
ሱቁ ከነመቀሱ እዚህ እንዳረፈ።

አሥራ ሰባት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም
አክስቴ ደረደረች፣ አንዱን ሳታጓድል።
ሴትዮዋ ገንዘቡን ዞር ብላም አላየች፤
ወረቀቱን ይዛ አምፖል ሥር ቆየች።
«ሰባትን ሲጽፋት ወገቧ ላይ ነበር
መስመር የሚያሰምራት፣ እንደ ቀበቶ ማሰር።
ከእጁ ጽሕፈት አንድም አልተረፈኝ» ብላ
ብሩን ገፋችልን፣ መዳፏን ዘርግታ።

አክስቴ አሰበች። ወጧን ጨረሰች።
ወረቀቷን ደግማ ዳሰሰች፣ ሰጠች፤
የወጡን ሂሳብ ግን ሁለት ጊዜ ከፈለች።

እሑድ ስንመለስ ነፋሱ ከፊት ነው፤
ባሕሩን በባልዲ ፊታችን የሚደፋው።
እኔን አስመለሰኝ። እሷ ምንም አልሆነች፤
እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክንዷን በስንዝር ለካች፣
ከትከሻ እስከ ክርን፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፤
ጨው ከቅንድቧ ላይ ጠርጋ ዞራ አየችኝ፣
«ወፍሬያለሁ» አለች፣ «ቢሰፋም አይገባኝ።»